ልጄ ወደ ስድስተኛው ዲቪዚዮን በውሰት ሊላክ ነው፤ እንቢ እንበል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ ከታዳጊነቱ ጀምሮ ባደገበት የሊግ ቱ (የአራተኛው ዲቪዚዮን) ክለብ በአጥቂነት ይጫወታል። ከ18 ዓመት በታች ቡድኑ ውስጥ ግብ ማግባት ልማዱ ነበር። ባለፈው የውድድር ዓመት ግን ለዋናው ቡድን 24 ጊዜ ገብቶ ያስቆጠረው 2 ግብ ብቻ ነው። አንድም ቀን በቋሚነት አልተሰለፈም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አሁን ክለቡ ውሉን በአንድ ዓመት እንዲያራዝምና በስድስተኛው ዲቪዚዮን ወደሚገኝ ክለብ ለግማሽ ዓመት በውሰት እንዲሄድ ይፈልጋል። ልጄ ‹ጣሉኝ› ብሎ ምግብ እንኳ በቅጡ መብላት ትቷል። አንድ ወኪል ደግሞ ‹እንቢ በሉ፣ ሌላ ክለብ አገኝለታለሁ› ይለናል። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣

ረጅሙን ምላሽ ከመጀመሬ በፊት አጭሩን ልስጥዎ፤ ውሰቱን አይግፉት፣ ውሉን ግን አንቀጽ በአንቀጽ ሳያስነብቡ ልጅዎ እንዳይፈርም። እርስዎ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አድርገው ጽፈውልኛል፤ እኔ ግን ለየብቻ ቢታዩ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ውሰቱ የሜዳ ጉዳይ ሲሆን ውሉ የሕግና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ወኪሉም «እንቢ በሉ» ሲል ሁለቱን አደባልቆ እንደሆነ እገምታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልጅዎን ምግብ ያስተወውን ቁጥር እንፈትሸው። ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የሚገባ ከሆነ፣ የባከነውን ሰዓት ትተን፣ በአማካይ 15 ደቂቃ ተጫወተ እንበል። 24 በ15 ሲባዛ 360 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ጨዋታ 90 ደቂቃ ነውና ልጅዎ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 24 ጨዋታ ሳይሆን አራት ሙሉ ጨዋታ ነው። በአራት ጨዋታ ሁለት ግብ ያገባን አጥቂ ደካማ ነው የሚል አሰልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ስል በ46 ጨዋታ 23 ግብ ያስቆጥር ነበር ማለቴ አይደለም፤ 360 ደቂቃ ለሙገሳም ለወቀሳም አይበቃም፤ ከሁለቱ ኳሶች አንዷ የግቡን ቋሚ ነክታ ብትመለስ ሒሳቡ በግማሽ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ይህ ቁጥር ስለ ልጅዎ ችሎታ ምንም አልነገረንም። የነገረን አንድ ነገር ቢኖር ልጁ በቂ ጨዋታ አለመጫወቱን ነው፤ ክለቡም በውሰት ልላከው ሲል፣ በቅን ልቦና ካሰበው፣ ሊያርም የፈለገው ይህንኑ ነው።

በዚያ ላይ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ለአጥቂ የተለዩ ናቸው። ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ በ84ኛው ደቂቃ ወደ ሜዳ የሚገባ ወጣት ከአሰልጣኙ የሚሰማው «ግብ አግባ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። ኳስ ሲደርሰው ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ እንዲወስዳት፣ ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ሰዓት እንዲገድል፣ ቢቻል ቅጣት ምት ወይም የእጅ ውርወራ እንዲያስገኝ ይነገረዋል። ይህን በሚገባ ከፈጸመ አሰልጣኙ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን «1 ጨዋታ፣ 0 ግብ» ተብሎ ይጻፍበታል። ቡድኑ እየተመራ ከሆነ ደግሞ ከኋላ የሚላኩት ረጃጅም ኳሶች በአናቱ ላይ ያልፋሉ፤ ሃያው ሰው ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ተኮልኩሎ መላወሻ አይገኝም። ጥሩ አጥቂ ተከላካዩን የሚያጠናው በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ነው፤ የትኛው እግሩ እንደሚዘገይ፣ ኳሱን ሲያይ ሰውየውን ይረሳ እንደሆነ፣ ሲገፉት ይናደድ እንደሆነ ይመዘግብና በ60ኛው ደቂቃ ይጠቀምበታል። ልጅዎ ይህን ጥናት የሚጀምርበት ዕድል እንኳ አላገኘም።

ለማጽናናት ያህል ሳይሆን ለማነጻጸር አንድ ሰው ልጥቀስልዎ። ሃሪ ኬን 19 ዓመት በሆነው የውድድር ዓመት፣ ማለትም በ2012/13፣ ከቶተንሃም መጀመሪያ ወደ ኖርዊች ከዚያም ወደ ሌስተር በውሰት ሄዶ ነበር። ኖርዊች ሳለ እግሩ ተሰብሮ ብዙ ወራት አለፉት፣ ግብም አላስቆጠረም፤ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በሻምፒዮንሺፕ ውስጥ በነበረው ሌስተር ደግሞ 2 ግብ አገባ። የሁለቱ ክለቦች ድምር ሁለት፣ ከልጅዎ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ኬን በኋላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። ልጅዎ ኬን ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም፤ በ19 ዓመት የተቆጠረ ግብ ለትንበያ ምን ያህል ደካማ መሣሪያ እንደሆነ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አሰልጣኙ በቋሚነት ለምን አላሰለፈውም ለሚለው መልሱ ብዙውን ጊዜ ከልጁ ውጭ ነው። ሊግ ቱ ውስጥ 24 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 46 የሊግ ጨዋታ ያደርጋሉ፤ መጨረሻ የሚወጡት ሁለቱ ከእንግሊዝ እግር ኳስ ሊግ ወጥተው አምስተኛው ዲቪዚዮን ወደሆነው ናሽናል ሊግ ይወርዳሉ። ይህ መውረድ ለአንድ ትንሽ ክለብ ከሊጉ የሚያገኘውን ገቢ ማጣት፣ ሠራተኛ መቀነስ፣ አንዳንዴም አካዳሚ መዝጋት ማለት ነው። አምስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ እንጀራውን የሚያጣ አሰልጣኝ የአጥቂ ቦታውን ለ19 ዓመት ልጅ ሰጥቶ «ይማርበት» ይላል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ቢያንስ 200 ጨዋታ የተጫወተውንና ሲደክመው እንኳ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀውን የ31 ዓመት ሰው ያሰልፋል። በተጨማሪም ከፕሪምየር ሊግና ከሻምፒዮንሺፕ ክለቦች በውሰት የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ የደመወዛቸውን የተወሰነ ክፍል ብዙ ጊዜ ላኪው ክለብ ስለሚሸፍን፣ ትንሹ ክለብ ራሱ ያሳደገውን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሌላውን ልጅ ያሠለጥናል። ይህ አሠራር ቅር ያሰኘኛል፤ ነገር ግን በቅሬታ የሚለወጥ አይደለምና ልጅዎ በእሱ ውስጥ መንገዱን መፈለግ ይኖርበታል።

መንገዱ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሁሉ የሚቀርበው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ የሆነው የኦሊ ዋትኪንስ ታሪክ ነው፤ የልጅዎን ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ ፊት ለፊት የገጠመው ነውና ዘርዘር ላድርገው። ዋትኪንስ በ1995 መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ቶርኪ ከተማ ተወልዶ በኤክሰተር ሲቲ አካዳሚ አደገ። ኤክሰተር በደጋፊዎቹ ማኅበር ባለቤትነት የሚተዳደር፣ ባለሀብት የሌለው ክለብ ነው። ልጁ በ18 ዓመቱ በ2014 የውድድር ዓመት ማብቂያ ላይ ለዋናው ቡድን በተቀያሪነት ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ግን በሊግ ቱ ቡድን ውስጥ እንኳ ቦታ አላገኘም። በዲሴምበር 2014 ዌስተን ሱፐር ሜር ወደሚባለው ክለብ በውሰት ሄደ። ዌስተን በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ የበጋ መዝናኛ ከተማ ናት፤ ክለቧ ያኔ ኮንፈረንስ ሳውዝ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ናሽናል ሊግ ሳውዝ በሚባለው ስድስተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር። ልጅዎ ሊላክበት የታሰበው ደረጃ ማለት ነው። ዋትኪንስ በመጀመሪያ ለአንድ ወር ሄዶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆየ፤ በ25 ጨዋታ 10 ግብ አገባ።

10 ግብ ብቻውን ማንንም አያስደንቅም፤ የጠቀመው ሃያ አምስት ጊዜ ከጎልማሶች ጋር መጋፈጡ ነው። ወደ ኤክሰተር ሲመለስ ቀስ በቀስ ቦታ አገኘ፤ በ2016/17 በሁሉም ውድድሮች 16 ግብ አስቆጥሮ የእግር ኳስ ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። ከዌስተን ወጥቶ ሽልማቱን እስኪይዝ የፈጀበት ሁለት ዓመት ነው። በጁላይ 2017 ብሬንትፎርድ 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ወሰደው።

ብሬንትፎርድ የሚለውን ስም ልብ ይበሉልኝ። ይህ ክለብ በ2016 አካዳሚውን ዘግቶ፣ ትልልቅ ክለቦች የጣሏቸውንና በታችኛው ሊግ የተደበቁትን ወጣቶች በመረጃ ትንተና እየፈለገ መግዛት የጀመረ ነው። ተንታኞቹ የሚያዩት በሊግ ቱ የተቆጠረውን የግብ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ አጥቂው ሙከራ የሚያደርገው ከየት ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ ይነካል፣ ኳስ ሲያጣ ለመንጠቅ ስንት ጊዜ ይሮጣል የሚለውንም ነበር። ይህ ዓይነት መረጃ የሚሰበሰበው ግን የሚጫወት ተጫዋች ላይ ነው። ሰባት ደቂቃ እየገባ ኳስ ወደ ማዕዘን ባንዲራ የሚወስድ ልጅ በማንም ኮምፒዩተር ላይ አይታይም።

ዋትኪንስ ብሬንትፎርድ ከደረሰ በኋላም ሁለት ዓመት በክንፍ ነው የተጫወተው። መሐል አጥቂ የሆነው ኒል ሞፔ በኦገስት 2019 ወደ ብራይተን ሲሸጥ ነው፤ በዚያው ዓመት በሻምፒዮንሺፕ 25 ግብ አገባ፤ በሴፕቴምበር 2020 አስቶን ቪላ 28 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለበት፤ ኤክሰተርም ተጫዋቹ እንደገና ሲሸጥ ከዋጋው እንዲደርሰው ቀደም ብሎ ባስያዘው ድርሻ ተጠቀመ። በጁላይ 10 ቀን 2024 በዶርትሙንድ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በ81ኛው ደቂቃ ኬንን ቀይሮ ገባና ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል ሆላንድን ያሸነፈችውን ግብ አገባ። ተቀይሮ በገባ ሰው የተቆጠረች መሆኗን ለልጅዎ ቢነግሩት ደስ ይለኛል።

በዚያ ውድድር እንግሊዝ የያዘቻቸው ሦስቱም የመሐል አጥቂዎች በወጣትነታቸው በታችኛው ሊግ የተጫወቱ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። ኬን በ17 ዓመቱ፣ በጃንዋሪ 2011፣ በሦስተኛው ዲቪዚዮን በሊግ ዋን ወደነበረው ሌይተን ኦሪየንት ሄዶ በ18 ጨዋታ 5 ግብ አስቆጥሯል። ሦስተኛው አይቫን ቶኒ ነው፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ ውሰት መቼ እንደማይጠቅም ስለሚያስተምር ልቆይበት።

ቶኒ በትውልድ ከተማው ክለብ በኖርዛምፕተን በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተጫውቶ፣ በ2015 ኒውካስል ወሰደው። ኒውካስል ውስጥ በሦስት ዓመት ያገኘው ጨዋታ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው፤ ይልቁንም በርንስሊ፣ ሽሩስበሪ፣ ስከንቶርፕና ዊጋን እየተባለ ተዘዋወረ፤ ወደ አንዳንዶቹም ሁለት ጊዜ ሄዷል። ወደ እያንዳንዱ ክለብ ሲሄድ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ የአጨዋወት ስልት፣ አዲስ ማደሪያ ነበረ። በ2018 ከፕሪምየር ሊግ ክለብ ወጥቶ ሊግ ዋን ውስጥ ለነበረው ፒተርቦሮ ፈረመ። ወረቀት ላይ ሁለት ደረጃ መውረድ ነው። ቤቴ የሚለው ክለብና በየሳምንቱ የሚያሰልፈው አሰልጣኝ ሲያገኝ ግን በ2019/20 በሊግ ዋን 24 ግብ አስቆጠረ፤ ዋትኪንስ ብሬንትፎርድን ሲለቅ ቦታውን የያዘው እሱ ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመቱም በሻምፒዮንሺፕ 31 ግብ አግብቶ ክለቡን ወደ ፕሪምየር ሊግ አስገባ። አንድ ውሰት በደንብ ከተመረጠ ትምህርት ቤት ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ውሰት ግን ላኪው ክለብ ተጫዋቹን ምን እንደሚያደርገው ግራ እንደገባው ምልክት ነው። ልጅዎ ገና በመጀመሪያው ላይ ነው።

ታዲያ ስድስተኛው ዲቪዚዮን ምን ዓይነት ቦታ ነው? በዚያ ደረጃ ብዙዎቹ ክለቦች ሙሉ ባለሙያ አይደሉም፤ ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ይሠለጥናሉ። ለምልመላ ሥራ ስዞር ባለፈው ክረምት በአንዱ ሜዳ ማክሰኞ ማታ ያየሁትን ልንገርዎ። ዝናቡ በጎን ይመታል፤ ከጎሉ ፊት ያለው ሣር ተልጦ ጭቃ ሆኗል። ከአንድ የሊግ ክለብ በውሰት የመጣ የ18 ዓመት አጥቂ ከፊቱ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት የማያንስ መሐል ተከላካይ ቆሞበታል። ረጅም ኳስ በመጣች ቁጥር ሰውየው አይዘልም፤ ልጁ ሊዘል ጉልበቱን ባጠፈባት ቅጽበት በክርኑ ሳይሆን በዳሌው ገፋ ያደርገዋል፣ ልጁ ሚዛኑን ይስታል፣ ኳሷ ታልፋለች፤ ዳኛው የሚያየው ጥፋት የለም። እንዲህ ሆኖ አራት ጊዜ አለፈ። በአምስተኛው ልጁ ቀድሞ ራሱ ወደ ሰውየው ተጠጋና ክብደቱን ጣለበት፤ ሰውየው ሊገፋ ሲል ዞሮ አመለጠው። ግብ አልሆነም፤ ወደ ውጭ መታት። ነገር ግን አጠገቤ የነበረው መልማይ ማስታወሻውን አውጥቶ የጻፈው ያቺን ብቻ ነበር። ከ18 ዓመትና ከ21 ዓመት በታች ጨዋታዎች ላይ ይህ አይገኝም፤ እዚያ ያሉት ተከላካዮች እንደ ልጅዎ ንጹሕ ኳስ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ የወር የቤት ኪራያቸውም በአሸናፊነት ጉርሻ ላይ አልተንጠለጠለም።

ስለዚህ ውሰቱን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ። ነገር ግን ከመስማማታችሁ በፊት፣ ልጅዎ ራሱ፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው፣ የክለቡን ኃላፊ አንዳንድ ነገር ይጠይቅ። ከሁሉ በፊት ልጁን የጠየቀው ማን ነው? የተቀባዩ ክለብ አሰልጣኝ ልጁ ሲጫወት ራሱ አይቶት «ስጡኝ» ብሎ ከሆነ ያሰልፈዋል፤ የእናንተ ክለብ በየበሩ እያንኳኳ ተቀባይ ያገኘለት ከሆነ ግን አሰልጣኙ የራሱን ሰው ያስቀድማል፣ ልጅዎም የሊግ ቱን ወንበር በስድስተኛው ዲቪዚዮን ወንበር ይለውጣል። ከዚያ ቀጥሎ ቦታውን ይጠይቅ፤ በሁለት አጥቂ ነው የሚጫወቱት ወይስ በአንድ? መሐል ነው የሚያሰልፉት ወይስ ክንፍ ላይ? ዋትኪንስ በክንፍ መጫወቱ አልጎዳውም፤ ሩጫውንና ኳስ አያያዙን አሻሽሎለታል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ክንፍ ላይ ለተሰለፈ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ «ለምን 15 ግብ አላገባህም» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነውና አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ልምምዱም እንዲሁ መታወቅ አለበት። ተቀባዩ ክለብ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ የሚሠለጥን ከሆነ ልጅዎ ሌሎቹን ቀናት የራሱ ክለብ ውስጥ መሥራት ይኖርበታል፤ አለዚያ በስድስት ወር ውስጥ የሰውነት ብቃቱ ይወርዳል። ቢጎዳ የሚያክመው የማን ሐኪም ነው? በየስንት ጊዜው ከክለቡ ሰው መጥቶ ያየዋል? ክለቡ ሊጠራው የሚችልበት አንቀጽ አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ሳይሰለፍ ቢቀር መውጫ ይሆነዋል፣ ጥሩ ሲጫወት ደግሞ ተጠርቶ እንደገና የሊግ ቱ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ያለ ዋስትና መጠራቱን ብዙም አልወደውም፤ ግን አንቀጹ ባይኖር ይሻላል አልልም።

አሁን ወደ ውሉና ወደ ወኪሉ ልምጣ። ወኪሉ ምናልባት ያልነገራችሁ አንድ ደንብ አለ። በእንግሊዝ የተጫዋቾች ውል ብዙውን ጊዜ ጁን 30 ያበቃል። ዕድሜው ከ24 ዓመት በታች ለሆነ ተጫዋች ክለቡ ከቀድሞው ያላነሰ አዲስ ውል በጽሑፍ ካቀረበለት፣ ልጁ እንቢ ብሎ ወደ ሌላ የእንግሊዝ ክለብ ቢሄድ የቀድሞው ክለብ የማሳደጊያ ካሳ የመጠየቅ መብቱን አያጣም። ሁለቱ ክለቦች ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ካሳ ወሳኝ ኮሚቴ ይሄዳል። በትልቁ ዓለም የሚታወቀው ምሳሌ ዳኒ ኢንግስ ነው፤ በ2015 ውሉ አብቅቶ ከበርንሊ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ ሊቨርፑል 6.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል በ2016 ተወሰነ፤ ተጨማሪ ክፍያዎችም ነበሩበት። የልጅዎ ካሳ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይሆንም፤ ነገር ግን ለአንድ የሊግ ቱ ወይም የናሽናል ሊግ ክለብ፣ 360 ደቂቃ ለተጫወተ ልጅ መጠኑ ያልታወቀ ካሳ መክፈል በቂ ማስፈራሪያ ነው። ወኪሉ «ሌላ ክለብ አገኛለሁ» ሲል ክለቡ ካሳውንም እንደሚከፍል አረጋግጦ እንደሆነ ይጠይቁት። ስሙንም የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በሚያወጣው የተመዘገቡ ወኪሎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ። ክለቡ ልጅዎን በራሱ ፈቃድ ቢያሰናብተው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ያለ ካሳ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። አሁን ግን ክለቡ ይፈልገዋል፤ ውል ማቅረቡ ራሱ «ጣሉኝ» ለሚለው መልስ ነው።

ውሉ ውስጥ በጣም የማሳስብዎ «በክለቡ ምርጫ ተጨማሪ አንድ ዓመት» የሚለው አንቀጽ ነው። የአንድ ዓመት ውል የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይህን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁ ውሰቱ ላይ ቢሳካለት ክለቡ በዚያው ትንሽ ደመወዝ አንድ ዓመት ያስቀረዋል፤ ባይሳካለት ያሰናብተዋል፤ ምርጫው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ክለቡ አንቀጹን አላነሣም ካለ፣ የተወሰነ ጨዋታ በቋሚነት ከተጫወተ ደመወዙ በምርጫው ዓመት ከፍ እንዲል ይጠይቁ፤ ይህ የማይሰጥ ነገር አይደለም። በውሰት ሳለ የጨዋታና የግብ ጉርሻውን የትኛው ክለብ እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይሁን። ልጅዎ የባለሙያ ተጫዋቾች ማኅበር አባል ከሆነ፣ ይህ ከ1907 ጀምሮ ያለ የተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ውሉን ያነብለታል፤ ከፊርማው በፊት መደወል ነው እንጂ ከፊርማው በኋላ ማማረር አይጠቅምም።

ደረጃ መውረድ ሁሌ ኪሳራ ነው ብለው ካሰቡም ፖል ሙሊንን ይመልከቱ። በ2020/21 ለካምብሪጅ ዩናይትድ በሊግ ቱ 32 ግብ አስቆጥሮ ክለቡን ወደ ሊግ ዋን አሳደገና፣ በማግስቱ ወደ ናሽናል ሊጉ ሬክሳም ወረደ። እዚያ የሦስት ዓመት ውልና የተሻለ ኑሮ አገኘ፤ ክለቡም በ2023 በ111 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሊጉ ተመለሰ። እርግጥ ሬክሳም ገንዘብ ያለው ክለብ ነው፤ የልጅዎ ውሰት እንደዚያ አይደለም።

ሰዎች ጄሚ ቫርዲን እየጠቀሱ ሊያጽናኑዎት ይችላሉ፤ እኔ ግን ይህን ምሳሌ በጥንቃቄ እንዲወስዱት እመክራለሁ። ቫርዲ በታዳጊነቱ ሼፊልድ ዌንስዴይ አሰናብቶት፣ በስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው፣ ቀን በፋብሪካ የሕክምና መደገፊያ እየሠራ ተጫውቷል፤ ሌስተር በ2012 ከፍሊትዉድ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ሲወስደው 25 ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ከብዶት ኳስ መተው እስከማሰብ ደርሷል። በ2016 የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ሪኪ ላምበርትም ብላክፑል ካሰናበተው በኋላ በቀይ ሥር ፋብሪካ የጠርሙስ ክዳን ሲገጥም ቆይቶ፣ በ31 ዓመቱ በኦገስት 2013 በዌምብሊ ስኮትላንድ ላይ በመጀመሪያው የብሔራዊ ቡድን ንክኪው በግንባሩ ግብ አስቆጥሯል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከእነሱ ጋር በዚያው ሜዳ የተጫወቱትን፣ ስማቸውን ማንም የማያነሣቸውን አጥቂዎች ማንም አይቆጥርም። በ16 ዓመታቸው የአካዳሚ ውል ከሚፈርሙት ብዙዎቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ከባለሙያ እግር ኳስ ውጭ ናቸው።

ስለዚህ ትምህርቱ ይቀጥል። የእግር ኳስ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በ2004 ያቋቋሙት ሊግ ፉትቦል ኤዱኬሽን የተባለው ተቋም ልጅዎን በአካዳሚው የሁለት ዓመት ሥልጠና ጊዜ ያስተማረው ሳይሆን አይቀርም፤ የጀመረውን የምስክር ወረቀት ካልጨረሰ ይጨርስ። የውሰት ክለብ በሳምንት ሁለት ማታ የሚሠለጥን ከሆነ ጊዜው ሞልቷል። ቢሰናበት እንኳ ብዙ እንግሊዛውያን ወጣቶች በስፖርት ድጋፍ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳሉ፤ ያ በር የሚከፈተው ግን የትምህርት ማስረጃ ለያዘ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ትርፍ ጊዜ፣ የማያውቁት ከተማና በእጅ ያለ ስልክ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋ አላቸው። ከላይ ያመሰገንኩት ቶኒ በሜይ 2023 በ232 የውርርድ ጥሰት ለ8 ወር ታግዷል። የእግር ኳስ ማኅበሩ የውርርድ ክልከላ ስድስተኛውን ዲቪዚዮን ያጠቃልላል፤ ልጅዎ በየትኛውም የዓለም ክፍል በሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ አንድ ፓውንድ እንኳ ማስያዝ አይፈቀድለትም፤ መረጃ ለጓደኛ መስጠትም ክልክል ነው። «አላወቅሁም» የሚል መልስ አይሠራም።

ምግቡን በተመለከተ፣ የ360 ደቂቃውን ስሌት በወረቀት አስቀምጠው ያሳዩት፤ ከወላጅ ምክር ይልቅ ቁጥር ይሰማል፤ ያም ሆኖ መብላቱን ካልጀመረ ለክለቡ ሐኪም መንገር ይኖርባችኋል። ከዚያ ውሰቱ ሲጀመር ትንሽ ደብተር ይያዙ። የገባበትን ደቂቃ፣ የወጣበትን ደቂቃ፣ የተሰለፈበትን ቦታ፣ ሳጥኑ ውስጥ ኳስ የነካበትን ጊዜ ይጻፉ፤ ግቡን ሌላ ሰው ይጽፍልዎታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የደቂቃው ድምር 360 ካልሞላ ደብተሩን ይዞ ወደ ክለቡ ኃላፊ ይሂድና የመጥሪያውን አንቀጽ እንዲጠቀሙ ይጠይቅ። ከሞላ፣ ባለፈው ዓመት በሙሉ የተጫወተውን በስድስት ሳምንት ተጫውቷል።